ከመኪና የፊት እግር የሚመጣ ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ

የመኪና የፊት እግር ከኋላው ይልቅ ሥራ ይበዛበታል። እንደ ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ ባሉ፣ ሞተራቸው የፊት ጎማን በሚያሽከረክር አነስተኛ መኪኖች ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ላይ ናቸው፤ መሪው የሚያዞረው የፊት ጎማን ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደት ወደ ፊት ስለሚጫን ትልቁ የማቆም ሥራ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ዕቃ በጠባብ ቦታ ውስጥ በብሎን፣ በኩሽኔታና ጎሚኒ በሚባለው የጎማ ትራስ ተያይዞ ይሠራል። አንዱ ሲላላ፣ ሲደርቅ ወይም ሲበላ ድምፅ ይወጣል። ችግሩ አንዱን ከሌላው መለየቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ድምፁ ከየት ነው የሚለው ነው፤ ጆሮ ግን ለዚህ ጥያቄ ደካማ ምስክር ነው። ብረት ድምፅን አሳልፎ ስለሚሰጥ ከቀኝ ጎማ የተነሣ መንቋቋት በመኪናው ወለል በኩል ተሻግሮ ከሹፌሩ እግር ሥር ሊሰማ ይችላል። ድምፁ መቼ ይመጣል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አያሳስትም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ፣ ቀጥ ባለ አስፋልት ሲሄድ፣ ሲታጠፍ፣ ጉድጓድ ሲገባ፣ ፍሬን ሲያዝ፣ ፍሬን ሲለቀቅ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ዝናብ ሲዘንብ፤ እያንዳንዱ ሁኔታ የተጠርጣሪዎቹን ቁጥር ይቀንሳል። አሞርዛተር ተቀይሮ፣ ሊንክ ተቀይሮ፣ ጎሚኒ ተቀይሮ ድምፁ እንደ ነበረ የሚቀጥለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ስለሚኬድ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል የሚገባው የእግሩ አሠራር ሲታወቅ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ አነስተኛ መኪኖች ፊት ላይ ያለው አሠራር አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ የነደፈው ነው። ማክፈርሰን ሐሳቡን በጄኔራል ሞተርስ ለታሰበች፣ በኋላም ለተሰረዘች አንዲት ትንሽ መኪና ጀምሮት ወደ ፎርድ ሲዛወር ይዞት ሄደ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ የቀረቡት ፎርድ ኮንሰልና ዜፊርም ይህንን እግር ይዘው ወጡ። አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ እንደ ምሰሶ ቆመው ላይኛው ጫፋቸው ኮፈኑ ሲከፈት ከሚታየው የላሜራ ጉልላት ጋር ይታሰራል። እዚያ ላይ የጎማ ትራስና ምሰሶው ከመሪው ጋር እንዲዞር የሚያስችል ኩሽኔታ አለ። ከታች ኮንትሮል አርም የሚባለው ክንድ በሁለት ጎሚኒዎች ከሻንሲው፣ በአንድ ቦል ጆይንት ደግሞ ከጎማው ተሸካሚ ጋር ይያያዛል። ስታብላይዘር የተባለው ዘንግ ግራና ቀኙን ያገናኛል፤ ጫፍና ጫፉ ላይም ሊንክ የሚባሉ አጫጭር ዘንጎች አሉት። መሪው የሚገፋቸው ታይ ሮዶች ከጎን ይገባሉ፤ ኃይል የሚያደርሰው አክስል በመሐል ያልፋል።

የመጀመሪያው መለያ ድምፁ ከሞተሩ ዙር ጋር ነው ወይስ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚለው ነው። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ከተሰማ ጉዳዩ የእግር አይደለም። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ሲጢጥ ብሎ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ቺንጋ ነው። በአንድ የተወሰነ የሞተር ዙር ላይ ብቻ ዝርርር የሚለው ከጭስ ማውጫው በላይ ያለው ቀጭን የሙቀት መከላከያ ላሜራ ብሎኑ ተበልቶ ሲላቀቅ የሚያሰማው ነው። ማርሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲገባ አንድ ጊዜ ዱም የሚል ከሆነ ደግሞ የሞተር ሱፖርት ይጠረጠራል፤ ሞተሩ ሲንፏቀቅ ኮፈኑ ተከፍቶ በዓይን ይታያል።

ድምፁ መኪናው ሲሄድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ጭር ባለና ሜዳማ በሆነ መንገድ በመጠነኛ ፍጥነት ሲኬድ ማርሹ ወደ ዜሮ ይወጣና መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት ይደረጋል። ሞተሩ መጥፋት የለበትም፤ ሞተር ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይል አብሮ ይሄዳል። የሞተሩ ዙር ወርዶም ድምፁ እንደ ነበረ ከቀጠለ ምንጩ ከመንገዱ ጋር የሚሽከረከር ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሊቆጠር ይችላል። 14 ኢንች ቸርኬ ላይ የገባ 175/65 ጎማ ዙሪያው 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 2.8 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ጎማው በዚህ ፍጥነት በሴኮንድ አንድ ጊዜ ተኩል ይዞራል። በ10 ሴኮንድ ውስጥ 15 ጊዜ ያህል ጥቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚነካ ነገር አለ ማለት ነው፦ በጎማው ጥርስ ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር፣ ያበጠ ጎማ፣ ተጣሞ ዲስኩን የሚልስ የአቧራ መከላከያ ላሜራ፣ ወይም የላላ የጎማ ዳዶ።

የጎማ ዳዶ ጉዳይ ከሁሉ መቅደም አለበት። ድምፁ የጀመረው ጎሚስታ ዘንድ ከተደረሰ በኋላ ከሆነ ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ዳዶዎቹ ይታያሉ። ለኮሮላና ለመሰሎቹ የተወሰነው ማጥበቂያ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በእግር ተረግጦ የሚጠብቅ ዳዶ ከዚህ በላይም በታችም ሊሆን ይችላል። በዳዶዎቹ ዙሪያ የዝገት ዱቄት ከታየ ቸርኬው ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። እንዲህ ያለ መኪና ዳዶው እስኪጠብቅና ቸርኬው እስኪመረመር ድረስ መነዳት የለበትም።

ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ውውው የሚል ማጓራት ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች አሉት፤ የጎማ ኩሽኔታና ራሱ ጎማው። ኩሽኔታ በክብደት ይለወጣል። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይጫናል፤ ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጎላ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚቀንስ ማጓራት የቀኙን ኩሽኔታ ያመለክታል። ይህ ምልክት በአብዛኛው ይሠራል እንጂ ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንዱ ኩሽኔታ ክብደት ሲነሣለት ይበልጥ ይጮኻል። ጎማ ደግሞ ባልተስተካከለ ሁኔታ ሲበላ ተመሳሳይ ማጓራት ያሰማል። መዳፍ በጎማው ገጽ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሳብ በአንደኛው አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ሻካራ ከሆነ ጎማው መስክሯል። እርግጠኛው ፈተና የፊት ጎማዎችን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዛውሮ መንዳት ነው። ድምፁ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ኩሽኔታ መግዛት አያስፈልግም። የሚያጓራው አስፋልቱ ራሱ የሆነበት ጊዜም አለ፤ ሻካራ አስፋልት አልቆ ለስላሳው ሲጀመር ድምፁ ድንገት ከተለወጠ ምርመራው እዚያው ያበቃል።

በመጠምዘዣ ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ በአክስሉ የጎማ በኩል ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ፣ የሲቪ ጆይንት ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ባለቤቱን በቀላሉ የሚያጋልጥ ድምፅ ይህ ሳይሆን አይቀርም። መሐንዲሱ አልፍሬድ ዜፓ በ1920ዎቹ በነደፈው በዚህ መገጣጠሚያ ስድስት ኳሶች በቦያቸው ውስጥ እየተንሸራተቱ፣ ጎማው ቢታጠፍም ኃይል ሳይቆራረጥ እንዲደርሰው ያደርጋሉ። በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ይህን መገጣጠሚያ ተጠቅማ የፊት ጎማ አነዳድን በሰፊው ካስተዋወቀች ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ይዘውታል። ጠላቱ አቧራና ውኃ ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሶው በጎማው መሽከርከር ተወርውሮ በቸርኬው ውስጠኛ ፊት ላይ ጥቁር ቅባት ይሆናል፤ በምትኩ አሸዋ ይገባል። ፈተናው ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ቀስ እያሉ ነዳጅ እየሰጡ መዞር ነው። ሽፋኑ ተቀዶ ድምፅ ካልጀመረ ታጥቦ፣ አዲስ ግራሶና አዲስ ሽፋን ተደርጎለት ሊድን ይችላል። ድምፅ ከጀመረ ግን ኳሶቹ ቦያቸውን በልተዋልና ግራሶ አያድነውም። ከውስጥ በኩል፣ ከካምቢዮው አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ ሲያረጅ ጠቅታ አያሰማም፤ ቀጥ ባለ መንገድ ነዳጅ ሲሰጠው መኪናውን ያንቀጠቅጣል።

አስቸጋሪው የጉድጓድና የኮብልስቶን ድምፅ ነው። ኳኳታው ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ስለሚመጣ ጆሮ ይበልጥ ይሳሳታል። የኮብልስቶን መንገድ መኪናን በመጨረስ ቢወቀስም ለምርመራ ግን ጥሩ ሜዳ ነው፤ ትንንሽና ፈጣን ንቅናቄ ስለሚሰጥ በአስፋልት ላይ የሚደበቀውን ክፍተት ያወጣል።

የመጀመሪያው ማጣሪያ በፍሬን ነው። መኪናው በኮብልስቶን ላይ በዝግታ እየሄደ ሲንኳኳ የፍሬን ፔዳሉ በጣም በስሱ ይነካል። ድምፁ ወዲያው ጸጥ ካለ የሚንኳኳው ፍሬኑ ነው፤ የፍሬን ሸራው በቤቱ ውስጥ ላልቷል፣ የሚይዘው ቀጭን ስፕሪንግ ወድቋል፣ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ ተበልቷል። ይህ ፈተና ገንዘብ አያስወጣም፤ ቢሆንም ብዙ አሞርዛተር ያለ ጥፋቱ የሚቀየረው ይህ ሳይሞከር ቀርቶ ነው።

ሁለተኛው ማጣሪያ የስታብላይዘሩን ጠባይ ይጠቀማል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ወጥተው እኩል ሲወርዱ ይህ ዘንግ አይጠማዘዝም፤ የሚጠማዘዘው አንዱ ጎማ ብቻውን ሲነሣ ነው። ስለዚህ በአንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ዝግታ ይታለፋል፤ መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ በሰያፍ አንድ ጎማ እየቀደመ። በሰያፉ ቋ ቋ የሚል፣ ፊት ለፊት ሲታለፍ የሚጠፋ ድምፅ የስታብላይዘር ሊንክ ወይም የዘንጉ ጎሚኒ ነው። ጥርጣሬው ከጸና ሁለቱም ሊንኮች ከአንድ ጫፍ ይፈቱና ሌላ ነገር እንዳይነኩ ታስረው፣ መኪናው በዚያው መንገድ በዝግታ ይሞከራል። ድምፁ ከጠፋ ጉዳዩ ተለይቷል። መኪናው ሊንክ ተፈቶ መታጠፊያ ላይ ስለሚያጋድል ሙከራው አጭር መሆን አለበት።

ፊት ለፊት ሲታለፍም የማይጠፋ ድምፅ ወደ አሞርዛተሩ፣ ወደ ቦል ጆይንቱና ወደ ክንዱ ጎሚኒ ይመራል። ያረጀ አሞርዛተር ብዙውን ጊዜ ዘይት ያልባል፤ መኪናው ጥግ ላይ ተጭኖ ሲለቀቅም ደጋግሞ ይወዛወዛል። የአሞርዛተሩ ላይኛ ዳዶ የላላ ከሆነ ግን አዲስ አሞርዛተርም ይንኳኳል። ይህንን ለማወቅ ኮፈኑ ይከፈትና አንድ ሰው መዳፉን በላሜራው ጉልላት ላይ ባለው የአሞርዛተር ጫፍ ላይ አድርጎ ሌላ ሰው መኪናውን ከላይ ይጫናል፤ መንገጫገጩ መዳፍ ላይ ይመታል። የክንዱ የኋለኛ ጎሚኒ ሲቀደድ ደግሞ ፍሬን ሲያዝና ሲለቀቅ ዱም የሚል፣ መሪውንም ትንሽ ወደ ጎን የሚስብ ምልክት አለው።

ሲጢጥ ወይም ክርር የሚለው የጎማ ትራስ ድምፅ በበጋ ይበረታል፤ ዝናብ ሲዘንብ ይጠፋል። ምርመራውም በውኃ ነው። መኪናው እየተወዛወዘ በአንድ ጎሚኒ ላይ ብቻ ውኃ ይረጫል፤ ጸጥ ካላለ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማርጠብ ምንም አያስተምርም። የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ መቀባት ድምፁን ለጥቂት ቀን ቢያጠፋም የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፤ የሚስማማው የሲሊኮን ቅባት ነው።

መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር የሚሰማ ድምፅ የራሱ ክፍል አለው። ሞላው ተጠማዞ ድንገት ሲለቀቅ የሚያሰማው ድንግ የሚል ድምፅ የምሰሶውን ላይኛ ኩሽኔታ መድረቅ ያሳያል፤ መሪውም ከባድ ይሆናል፣ ሲለቀቅም በራሱ ወደ መሐል አይመለስም። በሞላው ውጫዊ ገጽ ላይ የተደገፈ እጅ ዝላዩን ይሰማዋል፤ ጣት ግን በሞላው ቀለበቶች መካከል መግባት የለበትም። ድምፁ ከታች ሳይሆን በመሪው ላይ ለእጅ የሚሰማ ትንሽ ጥቅታ ከሆነ በዳሽቦርዱ ሥር የሚያልፈው የመሪ ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ መታየት አለበት። ይህ ዕቃ በሹፌሩ እግር አጠገብ ሆኖ ሳለ ድምፁ ከፊት ጎማ የመጣ እየመሰለ ብዙ ያስለፋል።

ፍሬን ላይ አንድ የተለየ ጠባይ መታወቅ አለበት። መኪናው ወደ ኋላ ከሄደ በኋላ ወደ ፊት ተነድቶ መጀመሪያ ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ፍሬን ቢያዝ ዝም ነው፤ እንደገና ወደ ኋላ ሄዶ ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ ይደግማል። ይህ የፍሬን ሸራው በቤቱ ውስጥ ካለችው ትንሽ ክፍተት ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው። ባለቤቱን ቢያስጨንቅም አደገኛ አይደለም፤ መያዣዎቹን አጽድቶ አዲስ ስፕሪንግ ማስገባት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሳያቋርጥ ጭው የሚልና ፍሬን ሲነካ የሚጠፋ ቀጭን ድምፅ ግን ሸራው ማለቁን እንዲያስጠነቅቅ የተሠራችው ትንሽ ብረት ሊሆን ይችላል። ፍሬን ሲያዝ ብረት ለብረት የሚፈጭ ድምፅ ከተሰማ ሸራው አልቆ ዲስኩ እየተበላ ነው።

ከመንገድ ፈተናው ቀጥሎ መኪናው ይነሣል። ቦታው ደልዳላ፣ የኋላ ጎማዎች በታኮ የተያዙ፣ መኪናውም በጽኑ መደገፊያ ላይ ያረፈ መሆን አለበት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ሰው አይገባም። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል፤ ቀጥሎም ከግራና ከቀኝ። በግራና ቀኝ ብቻ የሚሰማ ልቅነት የታይ ሮድ ወይም የመሪው ማርሽ ነው። ከላይና ከታች ሲነቀነቅ የሚሰማው ደግሞ የኩሽኔታ ወይም የቦል ጆይንት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ሰው ፍሬን እንዲይዝ ይደረጋል። ፍሬኑ ጎማውንና ተሸካሚውን አንድ ስለሚያደርጋቸው ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። በማክፈርሰን እግር ላይ የታችኛው ቦል ጆይንት የመኪናውን ክብደት ስለማይሸከም መኪናው ከሻንሲው ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ይፈተሻል። ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ በሚያርፍባቸው መኪኖች ግን ክሪኩ ከክንዱ ሥር ካልገባ የሞላው ግፊት ልቅነቱን ይሸፍነዋል፤ ያለቀ ቦል ጆይንት ጤነኛ መስሎ የሚያልፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ተፈትሾ ጤነኛ ሲሆንና ድምፁ ሲቀጥል ጥርጣሬው ከዕቃዎቹ ወደ ማሰሪያዎቹ ይዞራል። ሞተሩንና ክንዶቹን የሚሸከመው የታችኛው ፍሬም ብሎን፣ የካሊፐር ብሎን፣ የባትሪ ማሰሪያ፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ መከላከያ፣ የኮፈን መቆለፊያና የፓራፋንጎው የውስጥ ሽፋን አንድ በአንድ በእጅ ይነካሉ። ቅርብ ጊዜ የተሠራ እግር ከሆነ የክንዱ ብሎን እንዴት እንደ ጠበቀ መጠየቅ ይገባል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠማዞ ይቀራል፤ ይጮኻል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ብሎኑ መጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው በራሱ ክብደት ሲቆም ነው። ከዚህም ያለፈ ምስጢር ሲያጋጥም በተለያዩ ዕቃዎች ላይ የሚቆነጠጡ ትንንሽ ማይክሮፎኖች ያሉት መሣሪያ አለ፤ መካኒኩ በማዳመጫ እየቀያየረ የትኛው ይበልጥ እንደሚጮኽ ይለያል። መሣሪያው በሌለበት ጋራዥ፣ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን በተጠረጠረው ዕቃ፣ እጀታውን በጆሮ አጥንት ላይ አድርጎ ማዳመጥ ለቺንጋ ኩሽኔታዎች ጥሩ ይሠራል። ከሚሽከረከር ነገር ልብስና ጸጉር መራቅ አለበት።

አጣዳፊነታቸው እኩል አይደለም። የስታብላይዘር ሊንክ ለሳምንታት ቢንኳኳ ከጆሮ በስተቀር የሚጎዳው እምብዛም የለም። ቦል ጆይንት ከተነቀለ ግን ጎማው ወደ ጎን ወድቆ መኪናው ከቁጥጥር ይወጣል፤ ታይ ሮድ ሲነቀል አንዱ ጎማ መሪን አይሰማም። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ልቅነት ከተገኘ መኪናው ሳይጠገን ረጅም መንገድ አይወጣም። የሚያጓራ ኩሽኔታ ጊዜ ይሰጣል፤ ነገር ግን ልቅነት ከጀመረ ወይም ቸርኬው መሐል ላይ ከልክ በላይ ከሞቀ ጊዜው አልቋል።

ከጥገናው በኋላ መኪናው ድምፁ በተሰማበት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ይሞከራል። ትልቁ ድምፅ ሲጠፋ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረ ትንሽ ድምፅ ብቅ ሊል ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የመካኒኩ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል፣ በአብዛኛው ግን አይደለም። ታይ ሮድ፣ ክንድ ወይም አሞርዛተር ከተፈታ የጎማዎቹ አቀማመጥ ስለሚዛባ አላይመንት መሠራት አለበት። ሳይሠራ የተለቀቀ መኪና የፊት ጎማዎቹን ጠርዝ ቶሎ ይበላል፤ እንዲህ የተበላ ጎማም ከኩሽኔታ ማጓራት የማይለይ ድምፅ ያወጣል።